አጠገቡ የሚተኛው

ረቡዕ ጠዋት ሳቢያን ሰፈር መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ስዘረጋ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። የማን እንደሆነ ያወቅኩት ዘልዬ ከገባሁ በኋላ፣ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለውን አረንጓዴ መቁጠሪያ ሳይ ነው። ሁለት ሳምንት ፈልጌ ያጣሁትን ሰው እንዲህ ሳላስበው በማግኘቴ ደስ አለኝ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደላድዬ፣ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

"ወዴት ነሽ፣ ማርቲ?" አለኝ።

ደነገጥኩ።

ባጃጅ ነጂ ወዴት ነሽ ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስደነግጣል ትሉኝ ይሆናል። ይሄ ግን ጋሽ ተማም ነው። ጋሽ ተማም ተሳፋሪ ወዴት እንደሚሄድ ግድ ሰጥቶት አያውቅም። እኔ በተሳፈርኩባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ጥያቄው አንዲት ብቻ ነበረች፦ "የት ላይ ነበር የተውሽኝ?"

በየሰፈሩ አንድ ፊልም ተራኪ አለ። የእኛ ሰፈር የለውም የሚል አንባቢ ካለ ተራኪው ራሱ ነው ማለት ነው። ፊልሙን ሳታዩት ይነግራችኋል፤ ካያችሁትም በደንብ አላያችሁትም ብሎ እንደገና ይነግራችኋል። ሙዚቃውን በአፉ ይመታል፣ በሩን በእጁ ያንኳኳል፣ ሲተኮስ ደረቱን ይዞ ይወድቃል። ልባችሁን ሰቅሎ አንዲት ነገር ብቻ ስትቀር ደግሞ ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል።

የእኛው ክቡር ጋሽ ተማም የሐምሳ አራት ዓመት ሰው፣ የሦስት ሴት ልጆች አባት፣ የባለ ሦስት እግር ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅና በድሬዳዋ የኮርያ ጉዳዮች ልዩ መልእክተኛ ነው። ትልቋ ልጁ ፋርሂያ በአማርኛ የተተረጎመውን ድራማ ከቴሌግራም ታወርድለታለች። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሱቁን ሁሉ ስታዘጋ፣ ከተማው ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ሲል፣ እሱ ቬንትሌተር ሥር ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፎ አንድ ክፍል ያያል። ከተማው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑን ሲገልጥ ጋሽ ተማም ትኩስ ክፍል ይዞ ይወጣል፤ ዳቦ ቤትም እንደሱ አይፈጥንም።

በዚህ ዓመት የያዘው ድራማ ስለ ኮርያ ወታደሮች ነው። እዚያ አገር ወንድ ልጅ ዕድሜው ሲደርስ ወታደር ቤት መግባት ግዴታው ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ካምፕ ውስጥ ነው፤ ነባሮቹ ወታደሮች አዲስ ገቢዎቹን ያሠቃያሉ፣ አለቆቹ አላየንም ይላሉ። የኮርያ ስም ለጋሽ ተማም ምላስ ስለማይመች ሁሉንም ራሱ አጥምቋቸዋል። የሚሠቃየው ልጅ "መነጽሩ" ነው። የሚያሠቃየው ደግሞ "ጥርሶ" ይባላል። አዛዡ "ሻለቃ ዝም-በሉ" ነው። ወጥ ቤቱ፣ ዘበኛው፣ የካምፑ ውሻ ሳይቀር ስም ወጥቶላቸዋል። ስም ያልወጣለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መነጽሩ ጎን ያለው አልጋ ላይ የሚያድረው ወታደር። እሱ ሁልጊዜ "አጠገቡ የሚተኛው" ነው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ይሄ ድራማ በከተማው ላይ ያደረሰውን ልንገራችሁ። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው እትዬ ዘነበች ሁለት ኪሎ ቲማቲም ይዛ ተሳፍራ ቤቷን ሦስት ጊዜ አልፋዋለች፤ ቲማቲሙ ቤት ሲደርስ ድልህ ሆኖ ነበር። በማግሥቱ ለመነጽሩ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳለች።

"እትዬ፣ እሱ እኮ ኮርያ ነው" ብላት፣

"ገብርኤል ፓስፖርት ይጠይቃል እንዴ?" አለችኝ።

ከጀልዴሳ ወተት ይዘው የሚመጡ ሙሂዲን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ የመነጽሩን መከራ ሰምተው ሲያበቁ በትራቸውን በባጃጁ ወለል ላይ መቱት። "ወሪያ ተማም! ይሄ ልጅ ዘመድ የለውም? ጎሳው የት ሄደ? አንድ ሰው ልኮ 'ልጃችንን ምን አድርጋችሁት ነው?' አይልም?" አንድ ቀን ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ጋሽ ተማም መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ ፖሊሱ እጁን ያዘውና "እሱን ተወው፤ ጥርሶ ተያዘ?" አለው። "ቆይ፣ ገና ነው!" ብሎት አለፍን። ይቺ "ቆይ፣ ገና ነው!" የምትባል ቃሉ ስንቱን ሰው ከምሳው አስቀርታለች።

በጋሽ ተማም ትረካ ጥርሶ እጁን ባነሣ ቁጥር አንድ ነገር ይሆናል። ጋሽ ተማም ፍሬን ይይዛል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ "በዚህ ጊዜ…" ይላል፣ "አጠገቡ የሚተኛው ከአልጋው ተነሣ! 'ተው! ሰው እኮ ነው!' አለው።" ተሳፋሪው ያጨበጭባል። እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን ስናገር አፍራለሁ። መጠበቅ አቃተኝና ያንኑ ድራማ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈልጌ ከመጀመሪያው ማየት ጀመርኩ። አራተኛው ክፍል ላይ ጥርሶ መነጽሩን ከአልጋው ጎትቶ አወረደው። አጠገቡ የሚተኛው ዓይኑን ገልጦ አየ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። አምስተኛው ላይም ዞረ። እስከ ስምንተኛው ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልተነሣም። እኔም ጋሽ ተማም እንደ ልማዱ ቅመም ጨምሮበት ነው ብዬ ሳቅኩ። ቅመሙን ስለምን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ እንደሚጨምር አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ወዴት ነሽ ብሎኝ ዝም ያለው ይህ ሰው ነው። የደቻቱን ድልድይ ስናልፍ ዝም። ቀፊራ ሲቃረብ ጭራሽ ወደ ሌላ መንገድ ተጠመዘዘ። የታመመ መሰለኝ። ሲያስቀን የኖረውን ሰው እንዲህ ዝም ሲል ማየት እንዴት እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ዝምታውን ልሰብር ብዬ፣ ሞኝ ነኝና፣ ያገኘሁትን ወረወርኩ።

"ጋሽ ተማም፣ ነቅቼብሃለሁ። ድራማውን እያየሁት ነው። አጠገቡ የሚተኛው መቼ ተነሣ? ወደ ግድግዳው አይደል የዞረው?"

ባጃጁ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር ቆመ።

"አቦ ማርቲ፣ ሰላይ ነሽ እንዴ?" አለና ሊስቅ ጀመረ። ሳቁ ግማሽ ላይ ቀረ። ወደ እኔ አልዞረም፤ ያወራኝ በመስተዋቱ ነው።

"ሰማንያ አንድ ላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመልኩ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከድሬ በአንድ መኪና ተጭነን ደጋ ማሠልጠኛ ወሰዱን። እኛ የድሬ ልጆች ብርድ የት እናውቃለን? አንሶላ እንኳ የሚከብደን ሰዎች ነን። ሰይፈ ሚካኤል የሚባል አብሮኝ የሄደ ልጅ ነበር፤ አባቱ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ይንተባተባል። ለቁጥር ስንሰለፍ ተራው ሲደርስ 'ስ-ስ-ስ' ይልና ስድስት ሳይል ይቀራል። ሰልፉ ይቆማል፤ ሁላችንም እንቀጣለን። ነባሮቹ በዚህ ያዙት። ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ይወስዱበታል። ጠዋት እንደ ዶሮ ጩህ ይሉታል። 'ዶሮ አይንተባተብም' እያሉ ይስቃሉ።"

መቁጠሪያውን በጣቱ ነካ አደረገው።

"አጠገቡ የምተኛው እኔ ነበርኩ።"

ወደ ፊት ተጠጋሁ።

"ሲንቀጠቀጥ ጥርሱ ይሰማኛል፣ ወላሂ። የኔ ብርድ ልብስ ሁለት ሰው ይችል ነበር፣ ማርቲ። ሁለት ሰው። ግን ቀጥሎ እኔን ይይዙኛል ብዬ ፈራሁ። ተከናነብኩና ዞርኩ።"

"ልጁስ?"

"አለ!" አለ ጋሽ ተማም እንደ መጮህ ብሎ። "ችግሩ እኮ መኖሩ ነው! ቀፊራ መግቢያ ላይ ሰዓት ይሠራል። ከትሞ እዚሁ ሲኖር ስንት ዓመቱ! እኔ መንገድ እየቀየርኩ እኖራለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሰው ከአሸዋ ሰፈር ተሳፈረ። ሳልጠይቀው 'ቀ-ቀፊራ' አለኝ። በመስተዋቱ አየሁት። እሱም ቀና ብሎ አየ። ያወቀኝ አልመሰለኝም። አደረስኩት፣ ወረደ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም።"

የባሰው ደግሞ ገና ነበር። ሰይፈ ሚካኤል ዓይኑ ደክሞ ሱቁን ዘግቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር አዳማ ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ይሄዳል። ጎረቤቱ እትዬ ዘነበች ደግሞ ሸኚ ሆና ባጃጅ የጠራችው ማንን መሰላችሁ? "ተማሜ፣ ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለም" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

"እና ትነግረዋለሃ!" አልኩት። "ቅዳሜ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ፤ አፉ በለኝ ትለዋለህ፣ አለቀ።"

"እንዴት ተብሎ ነው የሚነገረው? ከየት ነው የሚጀመረው?" በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኑ እንደ ሕፃን ሆነ። "ኮርያዎቹ እኮ ይሄን ነገር አጥንተውታል። አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ! አጠገቡ የሚተኛው መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ማድረጉ አይቀርም። እሱ ያደረገውን አደርጋለሁ ብዬ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ሐሙስ ይለቀቃል ተብሎ…" ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ተርጓሚው እንዲህ ብሎ ለጥፏል፦ "ውድ ተከታታዮቻችን፣ በእህቴ ሠርግ ምክንያት የመጨረሻው ክፍል ወደ ሰኞ የተዛወረ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቄ በሠርግ ልሸነፍ?" አለኝ።

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። እንግዲህ ከእትዬ ዘነበች እስከ ትራፊክ ፖሊሱ ድረስ ከተማውን ሁሉ ያሰለፈው ሰው፣ ለካ ራሱ መልስ ፍለጋ ነበር የሚያየው። በእንግሊዝኛው እስከ አርብ ጨርሼ መጨረሻውን እንደምነግረው፣ ቅዳሜም አብሬው እንደምሆን ቃል ገባሁለት። "ሰው ካለ አልሸሽም" አለኝ።

አርብ ከሰዓት፣ ከተማው ተዘግቶ ባለበት፣ የመጨረሻውን ክፍል አየሁ። አጠገቡ የሚተኛው አገልግሎቱን ጨረሰ። ሻንጣውን ያዘ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ፣ በመስኮት ወደ ውጭ አየ፣ ሙዚቃ መጣ፣ አለቀ። ይቅርታ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ አንዲት ቃል የለም። ጋሽ ተማም ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። አላነሣሁም። አንሥቼ ምን ልበለው?

ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ስንደርስ እትዬ ዘነበች በፌስታልና በካርቶን ተከብባ ቆማለች። ሰይፈ ሚካኤል ቀጭን፣ ሽበታም፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር ያለበት ሰው ነው። የመሣሪያውን ሣጥን ለማንም አልሰጥ ብሎ ራሱ አቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። እትዬ ዘነበች ቅመሟን የሚጠብቅላት አጥታ እዚያው ተሰናበተችው። ጋሽ ተማም ወደ ኋላ ሳይዞር "እንዴት አደርክ" አለ፤ ድምፁ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። በመስተዋቱ "አየሽው?" ብሎ በዓይኑ ሲጠይቀኝ እኔ መንገዱን አየሁ። ገባው። ትከሻው ወረደ።

አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ከተማውን ጨረስን። የጋሽ ተማም አንገት በዚያ ማለዳ በላብ ረጥቦ አየሁት። አሁን፣ አሁን እላለሁ በልቤ። የመንገድ ዳር ዛፎቹን አለፍን፣ ኬላውን አለፍን። ጣቢያው ከሩቅ መታየት ሲጀምር ጥፍሬን ጨርሼ ነበር።

"አ-አንተ ነህ አይደል" አለ ሰይፈ ሚካኤል በድንገት፣ "የወ-ወታደሮቹን ድራማ የምትናገረው? ዘነበች ትነግረኛለች፤ ግን ታ-ታበላሸዋለች። እስቲ አንተ ንገረኝ።"

ባጃጁ ትንሽ ወደ ግራ ሄደና ተመለሰ።

ጋሽ ተማም ጀመረ። ሙዚቃ በአፉ አልመታም፤ በር አላንኳኳም። አንድ ካምፕ አለ አለ። አንድ ልጅ አለ። ነባሮቹ ያዙት። ብርድ ነበር። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ በልማድ "ተነሣ!" የሚለውን ጠበቅኩ።

"አጠገቡ የሚተኛው…" አለ። ፍጥነቱን ቀነሰ። "ነቅቶ ነበር። ሁሉን ይሰማ ነበር። ብርድ ልብሱ ሁለት ሰው ይችል ነበር። ተከናነበና ወደ ግድግዳው ዞረ።"

ሰይፈ ሚካኤል ሣጥኑን እንዳቀፈ ወደ ሜዳው ዞረ።

"ግድግዳ አልነበረም" አለ፤ አንድ ጊዜም ሳይንተባተብ። "ድንኳን ነበር።"

ጋሽ ተማም አላቆመም። መንዳቱንም አልነዳ። የአህያ ጋሪ ቀድሞን ሄደ፤ ባለጋሪው ዞር ብሎ ታዘበን።

"ታውቀኝ ነበር?"

"ያ-ያን ቀን ከአሸዋ ስሳፈር በመስተዋቱ አየሁህ። አንተም አየኸኝ። እ-እስከ ቀፊራ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።"

"ሰይፌ፣ አፉ በለኝ" አለ ጋሽ ተማም። ለዚህች ሦስት ቃል ነበር አሥራ አንድ ክፍል ሲያይ የከረመው።

ሰይፈ ሚካኤል እሺም እንቢም አላለም። ጣቢያው በር ላይ ስንቆም "ከ-ከዚያስ?" አለ። "ልጁ ምን ሆነ?"

"አላውቅም። መጨረሻው ሰኞ ነው የሚለቀቀው።"

ሰውየው ወረደ። ከኪሱ፣ ለጥገና የመጣ ሰዓት ላይ የባለቤቱን ስም እየጻፈ የሚያስራትን ቁራጭ ካርቶን አወጣና እስክሪብቶ ይዞ ጠበቀ። ጋሽ ተማም ስልክ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው ነገረው። "አ-አዳማ ገብቼ ዕቃዬን ካስቀመጥኩ እደውላለሁ" አለ ሰይፈ ሚካኤል። "መጨረሻውን ትነግረኛለህ።" ጋሽ ተማም የዕቃውን ካርቶን ተሸክሞ እስከ መንገደኞች መግቢያ ሸኘው። ተቃቅፈው ተላቀሱ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቅመም መጨመር ይብቃ። እጅ ተጨባበጡ፤ አንደኛው ገባ፣ ሌላኛው ተመለሰ።

ስንመለስ ጋሽ ተማም ስልኩን ከመስተዋቱ ሥር አስቀምጦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ጉድጓድ ላይ በተንገጫገጭን ቁጥር ስልኩ እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ይይዘዋል። ከዚራ ደርሰን ቆመ። መውረድ አቃተኝ። "አንድ ዙር ጨምር" አልኩት፤ በእትዬ ዘነበች የሳቅኩት እኔ። አንድ ዙር ጨመረ። ሁለተኛ ጊዜ ሲቆም ወረድኩ፤ ሲከነክነኝ የዋለውን ግን ይዤ መሄድ አልሆነልኝም።

"ጋሽ ተማም፣ መጨረሻውን እኮ እኔ አይቼዋለሁ። አጠገቡ የሚተኛው…"

"ወሪያ!" ብሎ መዳፉን ዘረጋብኝ፣ የከተማውን ፊልም ሁሉ አስቀድሞ የነገረን ሰውዬ። "እንዳትነግሪኝ! መጀመሪያ እሱ ይደውል።"